ኮሪያን በዩኒቨርሲቲ መማር ብክነት ነው ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኮሪያን ቋንቋ፣ ታሪክና ባህል መማር የጊዜም የገንዘብም ብክነት ነው ይላል። ጽሑፉ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ ስድብ የለበትም። ብዙ ወላጅ በሆዱ የያዘውን ነው ጸሐፊው በግልጽ የተናገሩት። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው። ይህን አንብባ ማመልከቻዋን የምትተው ልጅ ልትኖር ትችላለች። እኔ ራሴ የተማርኩት ይህንኑ ዘርፍ ስለሆነ ጉዳዩን ከዳር ቆሜ አላየውም።

ክርክራቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የኮሪያ ፍቅር ከድራማና ከሙዚቃ የመጣ ወረት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ በወረት ላይ ትምህርት ክፍል ሊያቆም አይገባም ይላሉ። ቋንቋውን በስልክ መተግበሪያና በዩቲዩብ በነፃ መማር ይቻላል፤ የቀረውን የትርጉም ማሽን ይሸፍነዋል ይላሉ። ታሪኩ በቻይናና በጃፓን መካከል ያለ የአንድ ትንሽ አገር ታሪክ ነው፤ የሚጠቅመን የዕድገቱ ምስጢር ብቻ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ ተጽፎልናል ይላሉ። ሥራ አያስገኝም የሚለውም አለ። በመጨረሻም፣ ግዕዛችን ተማሪ አጥቶ ሳለ ልጆቻችን የሰው ባህል ማጥናታቸው ያሳዝናል ይላሉ። በየተራ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወረቱ ልጀምር። ብዙ ተማሪ በድራማና በዘፈን ተስቦ እንደሚመጣ አልክድም። ትምህርቱ ግን ከዘፈኑ በፊት ነበር። ለንደን ያለው የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት፣ ሶአስ፣ ኮሪያኛ ማስተማር የጀመረው በ1949 ነው። ሃርቫርድ የኮሪያ ታሪክ መምህር የቀጠረው በ1958 ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የኮሪያ ጥናት ማዕከሉን ያቋቋመው በ1972 ነው። ቢቲኤስ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን የመጀመሪያ ሥራውን ያወጣው ግን በ2013 ነው።

የአሜሪካ የዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር በአገሪቱ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ስንት ተማሪ የውጭ ቋንቋ እንደሚማር በየጊዜው ይቆጥራል። ከ2016 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ጠቅላላው ቁጥር በ17 በመቶ ገደማ ወርዷል። ኮሪያኛ በ38 በመቶ ገደማ አድጓል። ጸሐፊው ይህ ራሱ የወረት ማስረጃ ነው ሊሉ ይችላሉ። እኔ ደግሞ የሚከተለውን እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሆነ ሰው ኮሪያኛ በጣም ከሚከብዱት ቋንቋዎች አንዱ ነው ይላል። ለሥራ የሚበቃ ችሎታ ላይ ለመድረስ 2,200 የክፍል ሰዓት ይመድባል። ለአማርኛ የሚመድበው የዚህን ግማሽ ነው። በድራማ ፍቅር ብቻ 2,200 ሰዓት ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የለም። ወረቱ በር ላይ ያደርሳል፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ሲመጣ አብዛኛው ወረት ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ሌላ ነገር ያገኘ ተማሪ ነው።

መተግበሪያዎቹንም አልንቅም። የኮሪያ ፊደል ሃንጉል በጥቂት ቀን ይለመዳል፤ ለእሱ ብሎ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ለሰላምታ፣ ለገበያና ለታክሲ ስልክ ይበቃል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በኮሪያኛ የግሥ መጨረሻ የሚወሰነው ተናጋሪው ከሰሚው ጋር ባለው ግንኙነት ነው። ለአለቃ፣ ለታናሽ ወንድም፣ ለማያውቁት ሰው፣ ለጋዜጣ አንባቢ የሚነገርበት መንገድ ይለያያል። አንተና እርስዎ ብለን ያደግን ሰዎች ሐሳቡ አይጠፋንም፤ ዓረፍተ ነገር በግሥ መዝጋቱም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ግን የኮሪያኛው ደረጃ ከእኛው ይበዛል። ለሚነገረው ሰውና ስለ እሱ ለሚነገርለት ሰው የሚሰጠው አክብሮት ለየብቻ ይቆጠራል። መተግበሪያው ይህን በሠንጠረዥ ያሳይዎታል። መቼ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እንደሚታለፍና ቀድሞ የሚፈቅደው ማን እንደሆነ ግን የሚያስተምረው ሲሳሳቱ ቁጭ አድርጎ የሚያርም መምህር ነው።

የትርጉም ማሽኑንም በተመለከተ ጥቅሙን አልክድም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ይሁንና የኮሪያኛ ግሥ ድርጊቱን የፈጸመው እኔ ልሁን አንቺ፣ እሱ ይሁን እሷ አይናገርም። ባለቤቱም ብዙ ጊዜ አይጠራም። አማርኛ ደግሞ ያለ ባለቤት ግሥ መሥራት አይችልም። ማሽኑ በዚህ መካከል ሲገባ ይገምታል። ግምቱ በፍቅር ድራማ ላይ ቢሳሳት ጉዳት የለውም። በሥራ ውል ወይም በሕክምና ወረቀት ላይ ሲሳሳት ግን ስህተቱን የሚያየው ኮሪያኛውን የሚያነብ ሰው ብቻ ነው። ሌላም አለ። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የኮሪያ ጋዜጦች በቻይና ፊደላት የተሞሉ ናቸው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ያሉት የመንግሥት መዛግብት ደግሞ በአብዛኛው በጥንታዊ ቻይንኛ የተጻፉ ናቸው። ይህን የሚያስተምር መተግበሪያ አላየሁም። ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል።

የማልስማማበት ትልቁ ነጥብ ግን የታሪኩ ነው።

ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ማታ የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ዩን ሶክ ዮል በቴሌቪዥን ቀርበው ወታደራዊ አስተዳደር አወጁ። ብዙ የዓለም መገናኛ ብዙኃን ግራ ተጋቡ። የሴኡል ነዋሪ ግን ግራ አልተጋባም። ወታደር በተሠማራበት ሌሊት ሕዝቡ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ብሔራዊ ሸንጎው ሄደ። እንደራሴዎች አጥር እየዘለሉ ገቡ። በስብሰባው 190 ተገኙ፤ 190ውም አዋጁ እንዲሻር ድምፅ ሰጡ። ሳይነጋ ፕሬዚዳንቱ አዋጁን አነሡ። በኤፕሪል 2025 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ከሥልጣን አሰናበታቸው።

ሰዎቹ ምን እንዳስነሣቸው ለመረዳት ጉዋንግጁን ማወቅ ያስፈልጋል። በሜይ 1980 ወታደራዊው መንግሥት አስተዳደሩን ወደ መላ አገሪቱ ሲያሰፋ በዚያች ከተማ የተነሣውን ሕዝብ በጥይት ቀጠፈ። ለዓመታት እውነቱ እንዳይነገር ተደረገ። ጁን 1987 ደግሞ ተማሪው፣ ሠራተኛውና ቢሮ የሚውለው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመምረጥ መብት አስመለሰ። ዛሬ የሚሠራው ሕገ መንግሥት የተሻሻለው በዚያው ዓመት ነው። ሸንጎው በአብላጫ ድምፅ ከጠየቀ ፕሬዚዳንቱ ወታደራዊ አስተዳደርን የማንሣት ግዴታ አለበት ይላል። ይህን የተማረ ሰው የዚያን ሌሊት ዜና ሲሰማ እያንዳንዱ እርምጃ ይገባዋል። ያልተማረ ሰው አጥር የሚዘል ፖለቲከኛ ብቻ ነው የሚያየው።

ታሪኩ የቻይናና የጃፓን ግርጌ ማስታወሻ ነው ለሚለው ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። በብረት ፊደል የታተመና እስከ ዛሬ የቆየ፣ ዕድሜው በእርግጠኝነት ከታወቀ መጽሐፍ ሁሉ የሚቀድመው በ1377 ኮሪያ ውስጥ የታተመ ነው፤ ጉተንበርግ ጀርመን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስን ከማተሙ ከ70 ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ሁለተኛው የጆሰን ሥርወ መንግሥት ዜና መዋዕል ነው። ከ1392 ጀምሮ የ472 ዓመት ታሪክ ይዟል። ንጉሡ ስለ ራሱ ዘመን የተጻፈውን እንዳያይ ይከለከል ነበር። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ ለአደን ወጥቶ ከፈረስ ወደቀ። ተነሥቶ መጀመሪያ የተናገረው ጸሐፈ ትእዛዙ ይህን እንዳይሰማ የሚል ነበር። ጸሐፈ ትእዛዙ ግን መውደቁንም፣ እንዳይሰማ ማለቱንም ጻፈ። እኛ የነገሥታት ዜና መዋዕል ያለን ሕዝብ ነን። የእኛዎቹ እንዴት ተጻፉ፣ ንጉሡ ያይ ነበር ወይ፣ ማን ያርም ነበር የሚለውን ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላውቅም።

አገሪቱ ትንሽ መሆኗ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱን ኮሪያዎችና በውጭ ያሉትን ስንደምር ኮሪያኛ የሚናገረው ሕዝብ ወደ 80 ሚሊዮን ይደርሳል። በ1937 ስታሊን ከሩቅ ምሥራቅ አፍሶ ወደ ካዛክስታንና ኡዝቤኪስታን ያጋዛቸው ኮሪያውያን ዘሮች ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። የአንድ ልሳነ ምድር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ወደ ዕድገቱ ምስጢር እንምጣ። ጸሐፊው በእንግሊዝኛ ተጽፎልናል ያሉት እውነት ነው፤ ጥሩ ጥሩ ሥራዎችም አሉ። ግን እኛ ጋ ምን እንደሆነ እናስታውስ። አገራችን ለብዙ ዓመታት ልማታዊ መንግሥት በሚል ሐሳብ ተመርታለች፤ ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ዋነኛ ምሳሌ ሆና ስትጠቀስ ነበር። ደጋፊውም ተቃዋሚውም ኮሪያን ጠራ። ኮሪያ በ1950ዎቹ ከእኛ ታንስ ነበር የሚለው ንግግር በየስብሰባው ተደጋገመ። ከዚህ ሁሉ ተከራካሪ መካከል አንድ የኮሪያኛ ሰነድ ያነበበ ስንት ነበር? ክርክሩ ሁሉ ሌሎች አሳጥረው በጻፉልን ላይ የቆመ ነበር።

ያላነበብነው ብዙ ነው። ኮሪያ ፋብሪካ ከማብዛቷ በፊት መሬት አከፋፍላለች። በ1949 የወጣው ሕግ አንድ ገበሬ የሚይዘውን መሬት በሦስት ሄክታር ገደማ ወሰነው። መሬት ለአራሹ የሚል መፈክር ያሰማ ትውልድ ላለው አገር ይህ ዝርዝር ቀላል ነገር አይደለም። ሌላም አለ። የመንግሥት ሠራተኛን በፈተና መምረጥ ኮሪያ ውስጥ የተጀመረው በ958 ነው፤ እስከ 1894 ዘልቋል። ስለዚህ በ1950ዎቹ አገሪቱ ድሃ ነበረች እንጂ ከባዶ አልተነሣችም። ሦስተኛ፣ ዕድገቱ የተከፈለበት ዋጋ አለ። በኖቬምበር 1970 ጆን ቴ ኢል የሚባል የ22 ዓመት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ሴኡል ፒዮንጉዋ ገበያ ውስጥ በራሱ ላይ እሳት ለኮሰ። የጠየቀው የሠራተኛ ሕጉ እንዲከበር ነበር። ትንንሽ ልጃገረዶች አየር በሌለበት ክፍል ቀኑን ሙሉ እየሰፉ ሳንባቸው ሲጎዳ ስላየ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ከፍተን ልጆቻችንን ለስፌት ያሰማራን ሰዎች የኮሪያን የወጪ ንግድ አሃዝ በቃላችን ይዘን የዚህን ልጅ ስም አለማወቃችን ያሳስበኛል። ቋንቋ፣ ታሪክና ባህል አንድ ላይ መማር ያለባቸው ለዚህ ነው። አሃዙ በእንግሊዝኛ በቀላሉ ይገኛል። ሰዎቹ በራሳቸው አፍ የተናገሩት ግን በአብዛኛው ኮሪያኛ ውስጥ ነው ያለው።

ስለ ራሳችን ታሪክም ቢሆን ያው ነው። በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በሜይ 1951 ቡሳን ወደብ ደረሰ። ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። አዲስ አበባ ላይ ኮሪያ ሰፈር የሚባል መንደር አለን፤ ቹንቾን ከተማ ላይ ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1968 የተገኙበት የዘማቾቹ መታሰቢያ አለ። ይህን ሁሉ እንኮራበታለን። ግን ስንት ሰው ዘመተ ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ጽሑፍ ከ3,000 በላይ ይላል፣ ሌላው ከ6,000 በላይ። የአማርኛውንና የኮሪያኛውን ሰነድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የሚመረምር ሰው ያስፈልገናል። ይህ የአንድ ጥሩ የማስተርስ ጥናት ርዕስ ነው። በሌላ በኩል፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ የቆመው የትግላችን ሐውልት በ1984 ሲመረቅ የሰሜን ኮሪያ እጅ ነበረበት። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተዋግተን፣ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጅተናል። ከሁለቱም ወገን የቀረውን ወረቀት የሚያነብ ኢትዮጵያዊ የታሪክ ባለሙያ ቢኖረን ስለ ኮሪያ ሳይሆን ስለ እኛ ነው የምናውቀው።

ሥራውን በተመለከተ ጸሐፊው ያነሡት ስጋት ተገቢ ነው። የኮሪያኛ ዲግሪ ብቻውን የሥራ ዋስትና አይሆንም። አስተርጓሚ የሚፈልግ መሥሪያ ቤትም እንደ ልብ አይገኝም። እኔም ለሚጠይቁኝ ልጆች ከሌላ ሙያ ጋር አጣምሯት እላለሁ። ግን ምርጫው ኮሪያኛ ወይስ ምህንድስና ተብሎ መቅረቡ ልክ አይደለም። የኮሪያ መንግሥት ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ እንመልከት። ለምህንድስናም የተመረጠ ልጅ ቋንቋውን አስቀድሞ በደንብ ካላወቀ በስተቀር አንድ ዓመት ሙሉ ኮሪያኛ ይማራል። ቶፒክ በተባለው የቋንቋ ፈተና ሦስተኛ ደረጃ ካልደረሰ ዲግሪውን አይጀምርም። መሐንዲሱም ያለ ቋንቋው አያልፍም ማለት ነው። አገር ውስጥም ቦሌ ለሚ ያለው የኮሪያውያን ልብስ ፋብሪካ፣ ሰው ኮሪያ ሆስፒታል እያለ የሚጠራው ሆስፒታል፣ የተራድኦ ፕሮጀክቶቹ አሉ። ብዙ ቦታ አይደለም። ግን ባዶ አይደለም።

የቀረው የግዕዙ ክርክር ነው። የጸሐፊውን ቁጭት እጋራለሁ። በየገዳሙ ያሉት ብራናዎች አንባቢ እያጡ ነው። ያልገባኝ አንዲት ልጅ ኮሪያኛ ባትማር ግዕዝ እንዴት እንደሚጠቀም ነው። ኮሪያኛውን የተወችው ልጅ የምትገባው አካውንቲንግ ነው እንጂ ቅኔ ቤት አይደለም። የግዕዝ ጥናት በአውሮፓ መሠረት የያዘው እኮ በአብዛኛው አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ስላስተማሩት ነው። ሉዶልፍ የራሴ አገር ቋንቋ ይበቃኛል ቢል ኖሮ እኛም የተጠቀምንበት ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አይኖርም ነበር።

ከዚህ በላይ የሚያስቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ኮሪያውያን እኛ ያለብን ችግር ነበረባቸው። ሊቃውንቱ ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉት በጥንታዊ ቻይንኛ ነው። የዛሬው ኮሪያዊ አያነበውም። የአባቶቹ መዝገብ ሁሉ ተዘግቶበት ነበር። ምን አደረጉ? በ1965 ጥንታዊ ጽሑፎችን የሚተረጉምና ተርጓሚ የሚያሠለጥን አካል አቋቋሙ፤ በ2007 የመንግሥት ተቋም ሆነ። የጆሰንን ዜና መዋዕል ወደ ዛሬ ኮሪያኛ መልሰው በ1993 ጨረሱት። ሥራው ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። ዛሬ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ከፍቶ የዚያን የ1404ቱን የፈረስ አወዳደቅ በነፃ ያነባል። የታሪክ ድራማ የሚጽፉትም ከዚያው ይቀዳሉ።

ይህ ሥራ እንዴት ተደራጀ? ገንዘቡ ከየት መጣ? ወጣቶችን ለዓመታት ጥንታዊ ቋንቋ እንዲማሩ ያሳመኑት በምን ደመወዝ ነው? በትርጉሙ ላይ ጠብ ሲነሣ ማን ዳኘ? ለግዕዝ የሚቆረቆር ሰው እነዚህን መልሶች አጥብቆ መፈለግ ነበረበት። መልሶቹ አሉ፤ አብዛኞቹም በኮሪያኛ ነው ያሉት። እነሱን አንብቦ ለእኛ የሚያመጣው ጸሐፊው ተዉት ያሉትን ትምህርት የተማረ ሰው ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስሙን ብቻ የያዙ ፕሮግራሞች አሉ። ሰላምታ፣ ኪምቺና ዘፈን አስተምረው የኮሪያ ጥናት የሚሉ። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት የትምህርት ዝርዝሩን መጠየቅ ነው። ታሪኩን ለብቻው የሚያስተምር የታሪክ መምህር አለ ወይ? የቻይና ፊደላት ኮርስ አለ ወይ? ሰሜን ኮሪያ ትነሣለች ወይ? ተማሪው በአራተኛው ዓመት በኮሪያኛ የተጻፈ ሰነድ አንብቦ ጽሑፍ ያቀርባል ወይ? ሌላ ሙያ ጎን ለጎን መውሰድ ይፈቀዳል ወይ? ለአብዛኞቹ መልሱ የለም ከሆነ እዚያ አትመዝገቡ።